ከመዋጮ ባሻገር፦ በሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ወቅት የወላጅ ድርሻ

በ2012 ዓ.ም. መስከረም በደቡብ ጎንደር ዞን ከሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶች በአንዱ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ይታሰብ። ይህ ልጅ ፊደል ለይቶ ሳይጨርስ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጉ። 3ኛ ክፍል ለመግባት ሲዘጋጅ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ በጋይንት በኩል አልፎ ወደ ጉናና ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ተቃረበ። 4ኛ ክፍል በደረሰበት በ2015 ዓ.ም. የለመደው መጽሐፍ በአዲስ ሥርዓተ ትምህርት ተተካ። 5ኛ ክፍል ሊጀምር ሲል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ደግሞ በአማራ ክልል በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ አራቀ። ትምህርቱ ያልተቋረጠበት ዕድለኛ ቢሆን እንኳ 6ኛ ክፍል የደረሰው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አዲሱ መዋቅር የአንደኛ ደረጃ ማብቂያ ያደረገው ክፍል ነው።

በእነዚህ ዓመታት መምህሩ ተለዋውጧል፤ መጽሐፉ ተለውጧል፤ የትምህርት ቤቱ በር ተከፍቶ ተዘግቷል። ከልጁ ጋር ሳይለይ የቆየው ቤቱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የትምህርት ለውጡን ካቀዱት፣ ካሠለጠኑትና ካስፈጸሙት ወገኖች መካከል ለዚህ ቤት ምን እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠና ከእርሱ ምን እንደሚጠበቅ በግልጽ የነገረው ማግኘት ይቸግራል። ወላጁ ዛሬም ልጁን የሚጠይቀው ያንኑ የቆየ ጥያቄ ነው፦ «ስንተኛ ወጣህ?» ከዚያ ያለፈ ጥያቄ እንዲጠይቅ ያስታጠቀው የለምና።

በአገራችን የወላጅ ተሳትፎ ሲባል በብዛት የሚታሰበው መዋጮ ነው፤ ገንዘብ፣ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ጉልበት። ይህ ዓይነቱ ተሳትፎ ብዙ መማሪያ ክፍሎችን ያቆመ በመሆኑ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ የግንባታ ሥራ አይደለም። ልጁ ምን ማወቅ እንዳለበት የሚወስን ለውጥ ወላጁ ስለ ልጁ ዕውቀት ምንም ሳያውቅ ሊሳካ አይችልም። ስለዚህ የወላጅ ድርሻ ከመዋጮ ወደ ትምህርቱ ይዘት ካልተሸጋገረ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እንደ ቀደምቶቹ ከመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ ሳያልፍ ይቀራል።

ወላጅ የሚያውቀው መንገድ

የገጠሩ ወላጅ ስለ ትምህርት ይዘት ግድ የለውም የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። የደቡብ ጎንደር ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ዞኑ የድጓው ምስክር ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ምስክር ዙር አምባ የሚገኙበት አገር ነው። በዚህ አገር ልጅን ለየኔታ የሚያስረክብ ገበሬ ራሱ ፊደል ባይቆጥርም የትምህርቱን ጉዞ ደረጃ በደረጃ ያውቀው ነበር። ልጁ ፊደል ለየ፣ ንባብ ገባ፣ ዳዊት ደገመ ሲባል እያንዳንዱ ደረጃ በመንደሩ ሁሉ ዘንድ ትርጉም ነበረው። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰብ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ጎረቤት ይጠራ ነበር። ልጁም የተማረውን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ በሕዝብ ፊት ያሰማ ስለነበር፣ ወላጁ የልጁን ዕውቀት በጆሮው ይመዝናል።

በእርግጥ በዚያ ሥርዓት የመምህሩ ሥልጣን ከፍተኛ ነበር። ልጅን አሳልፎ መስጠት፣ ተግሣጹንም ሆነ ትምህርቱን ለመምህሩ መተው የተለመደ ነው። ከዚህ የተወረሰው «ትምህርት የመምህሩ ጉዳይ ነው» የሚል አመለካከት ዛሬም ወላጁን ከመማሪያ ክፍል ያርቀዋል። ሆኖም ከዚያው ሥርዓት የሚወረስ ሌላ ቁም ነገር አለ፤ የትምህርቱ ደረጃዎች ጥቂት፣ ግልጽና በጆሮ የሚፈተኑ መሆናቸው ነው። ወላጁ ልጁን ለማስተማር ዕውቀት አልነበረውም፤ ልጁ የት እንደደረሰ ለማወቅ የሚያበቃ ግን ነበረው።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን ምልክት አጠፋበት እንጂ በሌላ አልተካለትም። የክፍል ቁጥር ደረጃን የሚያመለክት ይመስላል፤ ነገር ግን 4ኛ ክፍል መሆን ማንበብ መቻል ማለት እንዳልሆነ ማንም መምህር ይመሰክራል። የወላጁ እጅ የሚደርሰው የውጤት ካርድ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ስንተኛ እንደወጣ ይናገራል፤ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አይናገርም። በዚህም ምክንያት አብዛኛው ወላጅ እውነቱን የሚሰማው በመጨረሻው በር ላይ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር በየቤቱ ድንጋጤ የፈጠረው ጉድለቱ የዚያን ዓመት ስለነበረ አይደለም፤ ለ12 ዓመታት ሲከማች ማንም ለወላጁ ስላልነገረው ነው።

ያለ ወላጅ የመጣ ለውጥ

ትምህርትን ከላይ ወደ ታች የማውረድ ልማድ አዲስ አይደለም። ለዚህ ከጋፋት የተሻለ ማስታወሻ አይገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በዚህች ሥፍራ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለ ሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም የተቀለጠው በዚሁ ነው። በዚያው ለአገሬው ወጣቶች ንባብ፣ ጽሕፈትና የእጅ ሙያ ይሰጥ ነበር። ጋፋት በዚህ ረገድ ንባብንና የእጅ ሥራን ያጣመረ ትምህርት በአገራችን ከተሞከረባቸው ቀደምት ሥፍራዎች አንዷ ናት። ዳሩ ግን ትምህርቱ ከንጉሡ ፈቃድ የወረደ እንጂ ከሕዝቡ ቤት የበቀለ አልነበረም። ቀጥቃጭን፣ ሸማኔንና ሸክላ ሠሪን በሚንቅ ኅብረተሰብ መካከል ልጁን ለብረት ሥራ ወድዶ የሚሰጥ ወላጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ንጉሡ ሲወድቁ የጋፋት ሥራም አብሮ ተበተነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ንቀቱ ከጋፋት በኋላም ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደቆየ ያሳያል።

ሁለተኛው ትምህርት ከ1966 ዓ.ም. ይገኛል። በ1964 ዓ.ም. «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የታወቀ ሰፊ ጥናት ተካሄደ። ጥናቱ የመማር ዕድሉ በከተማ ላሉ ጥቂቶች ብቻ መሆኑን ተችቶ፣ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስና ትምህርቱ ከገጠሩ ኑሮና ከሙያ ጋር እንዲቆራኝ ሐሳብ አቀረበ። ከሐሳቦቹ በርካቶቹ በራሳቸው ምክንያታዊ ነበሩ። ይሁን እንጂ የጥናቱ ውጤት በ1964 ዓ.ም. ክረምት ቢጠናቀቅም እስከ 1966 ዓ.ም. የካቲት ድረስ ለሕዝብ ይፋ አልሆነም። በመካከሉ የነበረውን ክፍተት ወሬ ሞላው። ወላጆች ዕቅዱን «የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የተመከረ» አድርገው ተረዱት፤ መምህራንም ስለ ደመወዛቸው ሰጉ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። ከዚያ የተከተለው አብዮት ብዙ ሌሎች ምክንያቶች ነበሩት፤ የትምህርቱ ዕቅድ ግን ከመቀጣጠያዎቹ አንዱ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይታወቃሉ። አንደኛ፣ ወላጅ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ግድ የለውም የሚባለው ስሕተት ነው፤ ግድ ባይኖረው አደባባይ ባልወጣ ነበር። ሁለተኛ፣ ያልተነገረው ወላጅ ለውጡን በስጋቱ ልክ ይተረጉመዋል። የሚጠቅመውን ሐሳብ እንኳ የሚቃወመው ባለማወቁ ብቻ አይደለም፤ የሚያምንበት ምክንያት ስላልተሰጠው ነው።

ከመመሪያው ወደ ስብሰባው

ከዚያ ወዲህ የወጡት ፖሊሲዎች የወላጅን ስም አልዘነጉም። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ያልተማከለና ኅብረተሰቡን ያሳተፈ እንዲሆን ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅና መምህራን ኅብረት በየትምህርት ቤቱ እንዲቋቋሙ መንገድ ጠረገ። ከጊዜ በኋላ ኅብረቱ ተማሪውንም አካትቶ «ወተመኅ» በሚል አሕጽሮት ታወቀ። የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብርም የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዐቢይ ርእሶች አንዱ አደረገው፤ ሌሎቹ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢና የትምህርት ቤት አመራር ናቸው።

ችግሩ ያለው በዚህ አከፋፈል ውስጥ ነው። ተሳትፎ ከመማር ማስተማር ተነጥሎ ራሱን የቻለ ሣጥን ሲሰጠው፣ ወላጁ የሚሞላው ያንን ሣጥን ብቻ ይሆናል። በሪፖርት ላይ የኅብረተሰብ ተሳትፎ የሚለካው በብር፣ በተሠራ ክፍልና በታጠረ አጥር ነው። ልጆቻቸው ሲያነቡ ያዳመጡ ወላጆች ቁጥር የሚገባበት ዓምድ የለም። የወላጆች ስብሰባም ከዚሁ ጋር ይስማማል። በመስከረም ምዝገባና መዋጮ፣ በዓመቱ አጋማሽ መቅረትና ሥነ ምግባር፣ በሰኔ ውጤት ይነሣል። ልጆቹ በዚያ ዓመት ምን እንደሚማሩ በአጀንዳነት የሚቀርብበት ስብሰባ ብርቅ ነው። በዚህም የተነሣ «ስብሰባ» የሚለው ቃል ለብዙ ወላጅ «ክፈል» ማለት ሆኖ ቀርቷል፤ የማይመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ለውጥ ይህን ልማድ ይበልጥ ጎጂ ያደርገዋል። በ2010 ዓ.ም. ለውይይት በቀረበው ፍኖተ ካርታ የተጀመረው ሂደት በ2013 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍን አስገኘ። መዋቅሩ 6-2-4 ሆነ፤ ማለትም ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። በ2014 ዓ.ም. በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ወደ ተግባር ገባ። በታችኛዎቹ ክፍሎች ግብረ ገብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ደግሞ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ተካተዋል። አገር በቀል ዕውቀትም ከትምህርቱ ጋር እንዲዋሐድ ተፈልጓል።

እነዚህ ትምህርቶች ሁሉ ከቤት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ግብረ ገብ በክፍል ተነግሮ በቤት ካልታየ ባዶ ቃል ይሆናል። የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ስለ አፈር መሸርሸር ሲናገር፣ በጉና ተዳፋት ላይ እርከን የሚሠራው የልጁ አባት ከመጽሐፉ የበለጠ ምሳሌ ነው። አገር በቀል ዕውቀት የሚባለውም ገብስን ለዘር መምረጥ፣ ድንችን ከውርጭ መጠበቅ፣ ስፌት መስፋት፣ ጥጥ መፍተል በእነዚሁ ወላጆች እጅ ነው። ሆኖም ወላጁ ስላልተነገረው የክወናና የእይታ ጥበባትን «ዘፈንና ሥዕል»፣ የሙያ ትምህርትን ደግሞ «ልጄን ወደ ጉልበት ሥራ ሊመልሱት ነው» አድርጎ ሊያየው ይችላል። በጋፋትም በ1966ም የታየው ጥርጣሬ ይኸው ነው። ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ከሞፈርና ከቀንበር እንዲያመልጥ ነው፤ ትምህርት ቤቱ እጅ ሥራ ሲያስተምረው ምክንያቱ ካልተገለጸለት ውድቀት ይመስለዋል።

ማሳወቅ ብቻ በቂ ነውን?

ከዚህ በመነሣት «እንግዲህ ለወላጅ ገለጻ ይሰጥ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገር ግን ጉዳዩ በገለጻ ብቻ እንደማይፈታ ከሌላ አገር የተገኘ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በሰሜን ሕንድ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት በጃውንፑር አውራጃ፣ አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው ፕራታም ከተባለው ድርጅት ጋር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ሦስት መንገዶችን አነጻጸረ። በአንዳንድ መንደሮች ለሕዝቡ ስለ መንደሩ የትምህርት ኮሚቴና ስለ መብቱ ገለጻ ብቻ ተሰጠ። በሌሎች መንደሮች ከገለጻው በተጨማሪ የልጆችን ንባብ መለካት የሚያስችል ቀላል መሣሪያ ለነዋሪው ተዋወቀ። በሦስተኞቹ ደግሞ ከእነዚህ ላይ የመንደሩ ፈቃደኛ ወጣቶች ሠልጥነው ከትምህርት ሰዓት ውጭ የንባብ መርሐ ግብር እንዲያካሂዱ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሕዝቡን ተሳትፎም ሆነ የልጆቹን ትምህርት አላሻሻሉም። በሦስተኛው ግን በንባብ መርሐ ግብሩ የተገኙት ልጆች የማንበብ ችሎታ በጉልህ ጨመረ።

የዚህ ጥናት ትምህርት ለደቡብ ጎንደርም ይሠራል። ሰው ስላወቀ ብቻ አይነሣም፤ የሚነሣው ሊሠራው የሚችለው፣ መጠኑ የታወቀ፣ ውጤቱን በዓይኑ የሚያየው ሥራ ሲሰጠው ነው። ኮሚቴን መቆጣጠር፣ ርእሰ መምህርን መጠየቅ፣ በጀት መመርመር ለአንድ ገበሬ ሩቅና አስፈሪ ናቸው። ልጁ ማታ በእሳት ዳር አንድ ገጽ ሲያነብ ማዳመጥ ግን ቅርብ ነው። በወላጅ ተሳትፎ ጥናት ስሟ የሚጠቀሰው አሜሪካዊቷ ምሁር ጆይስ ኤፕስተይን ተሳትፎን በስድስት ከፍላ ነበር፦ ልጅን በአግባቡ ማሳደግ፣ ከትምህርት ቤት ጋር መነጋገር፣ በፈቃደኝነት ማገልገል፣ በቤት ውስጥ ትምህርትን መርዳት፣ በውሳኔ መሳተፍና ከማኅበረሰቡ ጋር መተባበር። የእኛ አሠራር ከስድስቱ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን፣ እነርሱንም በመዋጮ መልክ፣ አጥብቆ ይዟል፤ በወረቀት ደግሞ አምስተኛውን። አራተኛው፣ ማለትም በቤት ውስጥ የሚደረገው፣ ባለቤት የለውም። የልጁ ዕውቀት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ያልተማረ ወላጅ ምን ያግዛል?» የሚል ነው። መልሱ ከላይ በተነገረው የዳዊት ምሳሌ ውስጥ አለ። ለማዳመጥ ማንበብ መቻል ግድ አይደለም። የሚንተባተብንና የሚፈስስን ንባብ ጆሮ ይለያል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተጻፈ ታሪክ ከሆነ ደግሞ እናት ልጇን «ታዲያ ምን ሆነ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ መልሱም ልጁ የተረዳውን ያሳያል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ለተግሣጽ ይነገራል፤ እዚህ ላይ ግን ልጅ ለእናቱ ማንበቡ ነውር ሳይሆን ጥቅም ነው። ከዚህም ሌላ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አያቶችና 8ኛ ክፍል የደረሱ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች በየቤቱ አሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ድህነትና የጊዜ እጦት ነው። ይህ እውነት ነው። በላይ ጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእብናት የዓመት ቀለቡ የማይሞላለት ቤተሰብ ልጁን ከከብት ጥበቃና ከአጨዳ ነጻ ማድረግ ይከብደዋል። ስለዚህ ነው የሚጠየቀው ነገር ትንሽ መሆን ያለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰው ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ሳለ፣ በሥራ ቀን የተጠራ ስብሰባ ባዶ ቢሆን ጥፋቱ የወላጁ አይደለም። ሰው በራሱ ጊዜ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች አሉ፤ የእድር ቀን፣ ሰንበቴ፣ ከጸሎት በኋላ ያለው የእሑድ ረፋድ፣ ገበያ። ትምህርት ቤቱ ወላጁን ወደ ራሱ ከሚጠራ ይልቅ ወላጁ ወዳለበት ቢሄድ ይሻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመምህራን ወገን የሚመጣ ነው። ሥርዓተ ትምህርት የባለ ሙያ ሥራ ስለሆነ ወላጅ ከገባበት ይበላሻል ይባላል። ወላጅ የሒሳብን ይዘት ይወስን ያለ የለም። የሚጠየቀው የተወሰነውን እንዲያውቅና ልጁ ያን መያዝ አለመያዙን የመጠየቅ መብት እንዲኖረው ነው። በእርግጥ የሚጠይቅ ወላጅ ለደካማ መምህር ምቾት አይሰጥም፤ ለትጉህ መምህር ግን አጋር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ተገቢ ነው። የወላጅ ድርሻ ከፍ ይበል ሲባል የመንግሥት ድርሻ ዝቅ ይበል ማለት አይደለም። መጽሐፍ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ ባልደረሰበት፣ አዲሱ መጽሐፍ በቴሌግራም በሚዘዋወርበትና ወላጁ የረባ ስልክ በሌለው መንደር፣ «ወላጆች ልጆቻችሁን አስነብቡ» ማለት ቀልድ ይመስላል። የሚነበብ ገጽ መኖር አለበት። ሰላምም እንዲሁ፤ የተዘጋን ትምህርት ቤት የወላጅ ትጋት ብቻውን አይተካውም።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ የተባለው ብዙ በጀት የማይጠይቁ አራት እርምጃዎችን ያመለክታል።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ የሆነ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ የደረጃ መግለጫ ይዘጋጅ። በ1ኛ ክፍል ማብቂያ ልጁ ምን ያህል ፊደል ይለያል፤ በ2ኛ ክፍል ማብቂያ ምን ዓይነት አንቀጽ አንብቦ ይረዳል፤ በ4ኛ ክፍል ምን ዓይነት ስሌት ይሠራል የሚሉትን፣ ወላጅ በጆሮውና በዓይኑ ሊፈትናቸው በሚችላቸው ጥቂት ነጥቦች ይግለጽ። ማንበብ ለማይችሉ በቃል ይነገር፤ ዳዊት መድገም ምን እንደሆነ መንደሩ ያውቅ እንደነበረው ሁሉ ይህም የመንደር ዕውቀት ይሁን።

ሁለተኛ፣ ወተመኅ በሚጠራው ስብሰባ ሁሉ የመጀመሪያው አጀንዳ ትምህርቱ እንጂ መዋጮው አይሁን። ልጆች በወላጆቻቸው ፊት ያንብቡ፤ ያሰሉ፤ የሠሩትን ያሳዩ። በቡሄ ዕለት ልጆች ችቦ አብርተው በየደጁ ሲጨፍሩ በኩራት የሚያዳምጥ ሕዝብ፣ ልጁ ሲያነብ ለመስማት እንደማይመጣ የሚያስገምት ምክንያት የለም። እስካሁን አልተጠራም እንጂ።

ሦስተኛ፣ ወላጅ በትምህርቱ ውስጥ በአስተማሪነት ቦታ ይሰጠው። በሙያና ቴክኒክ ትምህርት ሰዓት አንጥረኛው፣ ሸማኔዋ፣ ድንጋይ ጠራቢው፤ በአካባቢ ሳይንስ ሰዓት እርከን የሠራው ገበሬና ንብ አናቢው ክፍል ገብተው ያሳዩ። በዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። ተማሪው ያየውን ይይዛል፤ ወላጁም የእጅ ሥራ ወደ ትምህርት ቤት በክብር መግባቱን አይቶ ጥርጣሬውን ይተዋል። ጋፋት ያልተሟላላት ይኸው ነበር፤ ሙያው ነበረ፣ መምህሩ ነበረ፣ የወላጁ ክብርና እምነት ግን አልነበረም።

አራተኛ፣ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በዚህ ሥራ እጃቸውን ያስገቡ። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ለመምህርነት የሚሠለጥን ወጣት በተግባር ልምምዱ ወቅት የትምህርት ዕቅድ ማውጣትን ይማራል፤ ከወላጅ ጋር መነጋገርን ግን እንደ ሙያ አይለማመድም። አንድ ሠልጣኝ በልምምዱ ጊዜ ጥቂት ቤቶችን ጎብኝቶ፣ ለወላጆች የልጆቻቸውን ደረጃ በቃል አስረድቶ፣ በመንደሩ ፈቃደኛ ወጣቶች የሚመራ የክረምት የንባብ ቡድን ቢያቋቁም፣ ጃውንፑር ላይ ውጤት ያስገኘው መንገድ በፋርጣና በእስቴም ሊሞከር ይችላል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በተደጋጋሚ «የወላጅ ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ከመደምደም አልፈው፣ የትኛው ዓይነት ተሳትፎ የልጆችን ንባብ እንደለወጠ የሚለካ ጥናት ቢያካሂዱ ለዞኑ ትልቅ አስተዋጽኦ ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል ወደ ገባው ልጅ ስንመለስ፣ ያለፉትን ዓመታት ማንም አይመልስለትም። ታናሽ እኅቱ ግን በሚቀጥለው መስከረም ትመዘገባለች። በዚያን ዕለት በትምህርት ቤቱ በር የሚጠብቃት ጠረጴዛ ላይ የመዋጮ ደረሰኝ ብቻ ካለ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ቢለወጥም ለእናቷ የተለወጠ ነገር የለም። ከደረሰኙ ጎን አንድ ገጽ ቢኖር፣ መምህሩም «ልጅዎ በዓመቱ መጨረሻ ይህን ታነብልዎታለች፤ ካላነበበች ይምጡና ይጠይቁን» ቢላቸው፣ እናቲቱ ከትምህርት ቤቱ በር የምትመለሰው ገንዘብ ከፍላ ብቻ አይደለም፤ አደራ ሰጥታና ተቀብላም ነው።